ግቢ ውስጥ ለምትቀለብ የወተት ፍየል ጥቃቅን ማዕድናት አሰጣጥ፦ ከመኖው እስከ ሚዛኑ

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን ዞር ዞር ብትሉ ግቢው ውስጥ አራት አምስት የወተት ፍየል የያዘ ሰው አታጡም። ቦታው ጠባብ ነው። ግጦሽ የሚባል ነገር የለም፤ የነበረውም ቤት ተሠርቶበታል። ፍየሎቹ በአጥር ተከልለው ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድና ፉርሽካ ይቀርብላቸዋል። የፍየል ወተት ለአስም መድኃኒት ነው ብሎ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ደንበኛም አለ። (የመድኃኒቱን ነገር ለሐኪም ትተን ወደ ፍየሏ እንመለስ።)

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ናቸው። ቆየት ሲል ጠጉሯ ይሻክራል። ድራት (አውራ መፈለጓ) ይዘገያል። ግልገሎቹ ጉልበት አጥተው ይወለዳሉ። ባለቤቱ ፉርሽካ ይጨምራል፤ ወይ ፍንክች።

ፍየል ቀንጥባ የምትበላ እንስሳ ናት። ሜዳ ላይ ብትለቋት ከዚህ ቁጥቋጦ ጫፍ፣ ከዚያ ዛፍ ቅጠል፣ ከወዲያኛው ቅርፊት እያለች ትዞራለች። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ ቅጠሉ ውስጥ ጭድ ውስጥ የማይገኝ ማዕድን ይይዛል። አጥር ውስጥ ስናስገባት ይህን ምርጫ ወሰድንባት። ስለዚህ መምረጡ የእኛ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን በእጅ ግምት አይሆንም። የሚፈለገው መጠን በሚሊ ግራም የሚቆጠር ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል።

መጀመሪያ፦ የምትበላውን ጻፉ

ማዕድን ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት የአንድ ሳምንት መኖ መዝግቡ። ድርቆሹ ከየት መጣ? ፉርሽካው በቀን ስንት ኪሎ ነው? ፋጉሎ አለ? የኑግ ነው የጎመን ዘር? አትክልት ተራ የሚሰበሰብ ጥቅል ጎመን ትሰጣላችሁ? ውሃው የቧንቧ ነው የጉድጓድ?

ይህን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማዕድኑ መኖው ውስጥ አለ፤ ግን ሌላ ነገር ይዞት ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። መዳብን ሞሊብዲነም፣ ድኝና ብረት ይይዙታል። የጉድጓድ ውሃችሁ ባልዲው ላይ የዝገት ቀለም የሚተው ከሆነ ብረት በዝቶበታል። ፍየሏ ያንን እየጠጣች መዳብ ሊያጥራት ይችላል። አፈር የተቀላቀለበት፣ ከጭቃ ላይ የተለቀመ መኖም እንደዚሁ ነው፤ አፈር ብረት ይዞ ይገባል። አልፋልፋ ብቻ የሚበሉ ፍየሎች ደግሞ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ዚንክ በደንብ አያገኙም።

የጎመንን ነገር ለብቻው ልንገራችሁ። ጥቅል ጎመንና የጎመን ዘር ፋጉሎ የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያውክ ነገር አላቸው። አልፎ አልፎ ቢሰጡ ችግር የለም። ገበያ ሲረክስ በጆንያ እያመጡ ለእርጉዝ ፍየል በየቀኑ መስጠት ግን አዮዲኑን ከንቱ ያደርገዋል።

የሱሉልታ ድርቆሽ የምትገዙ ከሆነ መቼ እንደታጨደ ጠይቁ። አበባ ሳይጥል የታጨደ ሣርና ደርቆ ቢጫ ከሆነ በኋላ የታጨደ ሣር በዋጋ ቢቀራረቡም በምግብነታቸው አይገናኙም። ጭድ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ማዕድኑ ከቁጥር አይገባም። አጥር ዳር ትሪ ሉሰርን ወይም ሰስባንያ የሚባሉትን የመኖ ዛፎች መትከል ለቻለ ሰው ከማንኛውም ጆንያ በፊት የምመክረው እሱን ነው። ትሪ ሉሰርን የደጋውን ብርድ ስለሚችል ለሱሉልታና ለእንጦጦ ግርጌ ይሆናል። ሰስባንያ ዝቅ ወዳለው፣ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ፍየሏን እዩ፤ ግን ትሉን አስቀድሙ

የማዕድን እጥረትና የሆድ ትል መልካቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ጠጉር ያሻክራሉ፣ ደም ያሳንሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የታችኛውን የዐይን ሽፋን በአውራ ጣት ወደ ታች ሳቡና ውስጡን በቀን ብርሃን እዩ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጣ ካለ ትል ጠርጥሩ፤ ዓይነ ምድሯን አስመርምሩ፣ አክሟት። ረግረግ ዳር የምትኖሩ ደግሞ የጉበት ትልን አትርሱ። መዳብ የሚከማቸው ጉበት ውስጥ ነው፤ የተበላሸ ጉበት ያላት ፍየል ምንም ብትሰጧት መልክ አይይዝላትም።

ትሉ ከተያዘ በኋላ እነዚህን ፈልጉ።

መዳብ ያጠራት ጥቁር ፍየል ወደ ዝገት ቀለም ትሄዳለች። ቀይዋ ትገረጣለች። የጭራዋ ጫፍ ጠጉር ይረግፍና ሁለት የተከፈለ ይመስላል። ግልገል ሲወለድ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ሲሮጥ ወገቡ ይወድቃል። ይህ የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ነርቭ ጉዳት ነው፤ አንዴ ከመጣ በመድኃኒት አይመለስም። በስምጥ ሸለቆአችን በጎችና ፍየሎች ላይ ይህ ችግር በጥናት ከተመዘገበ ቆይቷል። ከዝዋይና ከመቂ በኩል የተገዛች ፍየል አምጥታችሁ ከሆነ ጉበቷ ውስጥ ያለው ክምችት አነስተኛ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ዚንክ ሲያንስ ቆዳ ይወፍራል፣ እንደ ቅርፊት ይነሣል። በተለይ ከቁርጭምጭሚት በታች፣ አፍንጫና ዐይን ዙሪያ ይታያል። እከክ ይመስላልና እከክ ተብሎ ስንት ጊዜ መርፌ ይወጋል! የአውራው ፍየል ፍላጎትና ዘርም ይቀንሳል።

ሴሊኒየም ሲያንስ ጡንቻ ይጎዳል፤ ግልገሉ ግትር ብሎ ይራመዳል፣ ለመነሣት ይቸገራል። አንዳንዱ ሲጠባ ቆይቶ ድንገት ይሞታል፤ ልቡም ጡንቻ ነውና። በእናቲቱ በኩል የእንግዴ ልጅ አልወርድ ማለት አንዱ ምልክት ነው።

ኮባልት የሚያስፈልገው ጨጓራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ቫይታሚን ቢ12 እንዲሠሩበት ነው። ሲያንስ ፍየሏ መኖ ፊቷ ተቀምጦ አትበላም፣ ትከሳለች፣ ዐይኗ ያለቅሳል።

ማንጋኒዝ ካነሰ ድራት ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። ብረት ለአዋቂ ፍየል እምብዛም አያንስም፤ ደም አንሷታል ብሎ ብረት መጨመር መዳቡን ማባረር ነው።

አሁን ወደ አንገት። አንገቱ ያበጠ ግልገል ያየ ሰው ቶሎ «እንቅርት!» ይላል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ በእጃችሁ ዳስሱ። አንደኛው፣ ጤነኛና ፈጣን፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ፣ ወተት የጠገበ ግልገል ከመንጋጋው ዝቅ ብሎ ለስላሳ እብጠት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ሲያድግ በራሱ ይጠፋል፤ አትንኩት። ሁለተኛው፣ ሲወለድ ጀምሮ ያበጠ፣ ደካማ፣ ጠጉሩ የሳሳ ወይም የሌለው ከሆነ የአዮዲን እጥረት ነው። ሞተው የሚወለዱም ይኖራሉ። ሦስተኛው መንጋጋ ሥር ውሃ የሚቋጥር ነው፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ይህ ብዙውን ጊዜ የትል ነው። ዐይኗን ብታዩ ነጥቷል።

ሦስተኛ፦ ስንት ነው የሚያስፈልጋት?

ቁጥሮቹ በ1 ኪሎ ደረቅ መኖ ናቸው። ደረቅ መኖ ማለት ውሃው ሲወጣለት የሚቀረው ነው፤ ድርቆሽና ፉርሽካ ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ደረቅ ነው፣ ለምለም ሣር ግን አብዛኛው ውሃ ነው።

መዳብ ለምትታለብ ፍየል ወደ 15 ሚሊ ግራም፣ ለሚያድግ ግልገል ወደ 25 ሚሊ ግራም። ዚንክ ከ40 እስከ 50። ማንጋኒዝ ከ20 እስከ 40። አዮዲን 0.5፣ ለምትታለብ 0.8። ሴሊኒየም ከ0.1 እስከ 0.3። ኮባልት ከ0.1 እስከ 0.2።

ጣሪያውንም እወቁ። ፍየል በኪሎ መኖ እስከ 40 ሚሊ ግራም መዳብ ትችላለች። በግ ግን ከ15 በላይ አይችልም። የሴሊኒየም ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ነው። በሚያስፈልገውና በሚገድለው መካከል ያለው ርቀት እንደምታዩት ጠባብ ነው።

ስንት ኪሎ እንደምትመዝን ካላወቃችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከፊት እግሯ ኋላ ደረቷን ዙሩና ለኩ። ከትከሻ አጥንቷ ጫፍ እስከ ጭራዋ ግራና ቀኝ እስካለው አጥንት ደግሞ ርዝመቷን ለኩ። የደረቷን ልክ በራሱ አባዙ፣ በርዝመቷ አባዙ፣ ለ10,800 አካፍሉ። ደረቷ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፍየል ወደ 39 ኪሎ ትሆናለች። በደንብ የምትታለብ ፍየል በቀን ከክብደቷ 4 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። 40 ኪሎ ካልናት 1.6 ኪሎ ነው። እንግዲህ መዳቧ በቀን 1.6 ሲባዛ በ15፣ 24 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው።

አራተኛ፦ ሱቅ ስትሄዱ

የምትፈልጉት ፕሪሚክስ የሚባለውን፣ ከመኖ ጋር የሚቀላቀል የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄት ነው። መኖ መሸጫ የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ፕሪሚክስ አለ?»

«አለ። የላም ነው የዶሮ?»

«ለፍየል ነበር።»

«ለፍየል ብሎ የመጣ የለም። የላሙን ውሰድ።»

ምክሩ መጥፎ አይደለም። የወተት ላም ፕሪሚክስ መዳብ ስላለው ለፍየል ይሠራል፤ መጠኑን በራሳችሁ ስሌት እስካስተካከላችሁ ድረስ። የበግ ተብሎ የተዘጋጀ ማዕድን ግን አትግዙ። በግ እንዳይመረዝ ተብሎ መዳቡ ወጥቶለታል ወይም ተቀንሷል፤ ፍየሏ ስትልሰው ትከርምና ጠጉሯ ያው ዝገት ነው። የዶሮውንም ተዉት። አንዳንዱ የዶሮ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው፤ የማዕድን ምጣኔውም ለሚያመሰኳ እንስሳ የተሠራ አይደለም።

ሌብሉን አንብቡ። የእያንዳንዱ ማዕድን መጠን በቁጥር ካልተጻፈ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ከሌለ፣ አትግዙ። «ምርጥ የወተት ማዕድን» የሚል ጽሑፍና የጥጃ ፎቶ ቁጥር አይደለም። ከትልቅ ጆንያ እየተቀነሰ በፌስታል የሚሸጠውንም ጆንያውን ሳታዩ አትውሰዱ፤ የሌብሉን ፎቶ በስልካችሁ አንሡ።

አሞሌ ጨውና ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈርስ? ፍየሎች ይወዷቸዋል። ሶዲየም ይሰጣሉ፤ ያ ራሱ ያስፈልጋል። ነገር ግን መዳብና ሴሊኒየም በልክ ያገኛሉ ብላችሁ አትመኩባቸው። ቦሌ አፈር ስለሆነ ብረት አለበት፤ ብረት መዳብ ላይ ምን እንደሚሠራ አይተናል። አዮዲንን በተመለከተ ከሱቅ የሚገዛው የምግብ ጨው ይሻላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያባርሩት ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት።

አምስተኛ፦ ስሌቱ

ሌብል ላይ ያለውን ሚሊ ግራም በኪሎ ለ1,000 ስታካፍሉ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን ታገኛላችሁ። ሁሉ ነገር ከዚህ ይነሣል።

ለምሳሌ ጆንያው መዳብ 2,000፣ ዚንክ 6,000፣ ሴሊኒየም 40 ይላል እንበል። በአንድ ግራም 2 ሚሊ ግራም መዳብ፣ 6 ሚሊ ግራም ዚንክና 0.04 ሚሊ ግራም ሴሊኒየም አለ ማለት ነው።

ፍየሏ 24 ሚሊ ግራም መዳብ ትፈልጋለች። ከድርቆሹና ከፉርሽካው በአማካይ በኪሎ 6 ሚሊ ግራም ታገኛለች ብንል 1.6 ሲባዛ በ6፣ ወደ 9.6 ይሆናል። የጎደለው ወደ 15 ነው። 15 ለ2 ሲካፈል 7.5 ግራም ፕሪሚክስ።

አሁን ሌሎቹን በዚሁ 7.5 ግራም ፈትሹ። ዚንክ 45 ሚሊ ግራም ይጨምራል፤ ከመኖው ጋር ተደምሮ ወደሚፈለገው 80 ይጠጋል። ሴሊኒየም 0.3 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ1.6 ኪሎ መኖ ከሚያስፈልገው ከፍተኛ መጠን (1.6 ሲባዛ በ0.3)፣ ከ0.48 በታች ነው፤ ለጥንቃቄ ጣሪያችን ይህ ይሁን። ጥሩ። ሴሊኒየሙ ከዚያ የሚያልፍ ሆኖ ካገኛችሁት መዳቡ ቢጎድልም ፕሪሚክሱን አትጨምሩ፤ ሌላ ጆንያ ፈልጉ። የሚወስነው ሁልጊዜ ቶሎ ጣሪያ የሚነካው ማዕድን ነው።

ስድስተኛ፦ ቅልቅሉ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው። 1 ኪሎ ፕሪሚክስ 100 ኪሎ መኖ ላይ በትኖ በአካፋ ሁለቴ ማገላበጥ ቅልቅል አይባልም። አንዷ ፍየል የሦስት ቀን መዳብ በአንድ ጉርሻ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም።

ለ100 ኪሎ የሚሆን አንድ ቅልቅል ልስጣችሁ፦ ፉርሽካ 45 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 25 ኪሎ፣ የተፈጨ በቆሎ 26 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ጨው 1 ኪሎ፣ ፕሪሚክስ 1 ኪሎ። የኖራ ድንጋዩ የገባው ፉርሽካ ፎስፈረስ ስለሚበዛበትና ካልሲየም ስለሚያንሰው ነው፤ አውራ ፍየል ፉርሽካ ብቻ እየበላ ሽንት ሲዘጋው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ ግን እንዳትጨምሩ፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ አፍና ጨጓራ ያቃጥላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ሸራ አንጥፉ። ፕሪሚክሱን 1 ኪሎ በሚዛን መዝኑ፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሰፌድ ወይም ሰፊ ሳፋ ላይ ከ1 ኪሎ ፉርሽካ ጋር በእጅ እሹት። ቀለሙ አንድ ዓይነት ሲሆን 2 ኪሎ ፉርሽካ ጨምሩ፣ እንደገና እሹ። ቀጥሎ ጨውንና የኖራ ድንጋዩን ከ6 ኪሎ በቆሎ ጋር ጨምሩ። አሁን በእጃችሁ ወደ 13 ኪሎ የሚሆን ቅልቅል አለ። የቀረውን መኖ ሸራው ላይ በስሱ ዘርጉ፤ ይህንን እላዩ ላይ እኩል በትኑ። ከዚያ በአካፋ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ክምር አድርጉ፣ መልሳችሁ አምጡት፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ። ከክምሩ አራት ቦታ በእፍኝ አንሡና ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። የጨው ፍሬው በአራቱም እኩል ካልታየ አልተቀላቀለም፤ ቀጥሉ። ፊትና እጃችሁንም ሸፍኑ። ፕሪሚክስ ዱቄት ሳምባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ይህ ቅልቅል 1 በመቶ ፕሪሚክስ አለው። ስለዚህ 750 ግራም የበላች ፍየል 7.5 ግራም ታገኛለች፤ ከላይ ያሰላነው ነው። 1 ኪሎ ተኩል የምትበላዋ እጥፍ ታገኛለች፤ ለእሷ ፕሪሚክሱን ግማሽ አድርጋችሁ ለብቻ ቀላቅሉ። አንድ ወር ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ቀላቅሉ። መዳብና ብረት አብሯቸው ያለውን ቫይታሚን እያደር ይበሉታል፤ በክረምት ደግሞ ሻጋታ አለ።

ሰባተኛ፦ ለማይታለቡት የሚላስ

የደረቀች ፍየል ፉርሽካ አይሰጣትም። ወተት የለማ! ማዕድኑም አብሮ ይቀርባታል። የሚገርመው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። የፍየል እርግዝና ወደ 150 ቀን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ግልገሉ መዳብና ሴሊኒየሙን ከእናቱ ወስዶ ጉበቱ ውስጥ ያጠራቅማል። የእናት ወተት መዳብና ብረት ብዙም የለውም። ሳይወለድ ያላጠራቀመ ግልገል ከወተት አያካክሰውም።

ለእነሱ ጨውና ፕሪሚክስ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ እንዲልሱ አድርጉ። ፍየል በቀን 12 ግራም ገደማ ከላሰች 6 ግራም ፕሪሚክስ አገኘች ማለት ነው። ድንጋይ የሆነው የሚላስ ብሎክ ለላም ምላስ ጥሩ ነው፤ ፍየል ግን ምላሷ ለስላሳ ስለሆነ የሚበቃትን ያህል ሳትልስ ትሄዳለች። ልል ዱቄት ይሻላል።

ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ቁረጡና ከፀሐይና ከዝናብ በተጠለለ ግድግዳ ላይ እሰሩት። ከፍታው እስከ ደረቷ ይድረስ፤ ዝቅ ካለ ኩስ ትጥልበታለች፣ ግልገሎቹም ይተኙበታል። ፍየል ደግሞ የቆሸሸ ነገር ከምትነካ ብትራብ ትመርጣለች። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ክረምት ላይ ከጠጠረ ፈርፍሩት።

ጨው ለረጅም ጊዜ ያላገኙ ፍየሎች ከሆኑ ማዕድን ያለበትን ወዲያው አታቅርቡ። መጀመሪያ ለሳምንት ተራ ጨው ስጧቸው። አለበለዚያ ለጨው ሲሉ ማዕድኑን እንደ ቆሎ ይቅሙታል። ከዚያ 1 ኪሎ መዝናችሁ አስገቡና በሳምንቱ የቀረውን መዝኑ። አምስት ፍየል በቀን 12 ግራም ቢልሱ በሳምንት 420 ግራም ይጎድላል። ከዚህ በጣም ከበዛ ጨው ጨምሩበት።

ከቅልቅሉም ከጀሪካኑም ሙሉ መጠን አትስጡ። የምትታለበዋ ከቅልቅሉ ታግኝ፣ ጀሪካኑ ለደረቁት ይሁን። አብረው የሚውሉ ከሆነ ለሁሉም ተራ ጨው አስቀምጡና ለደረቁት 600 ግራም ቅልቅል በቀን ስጧቸው።

በግ አብሮ ካለ

ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ብሎ ሁለት ሦስት በግ ከፍየሎቹ ጋር የሚያደልብ ሰው ብዙ ነው። ይህ መመሪያ ለእነሱ መርዝ ነው። በግ መዳብን ጉበቱ ውስጥ ሳያሳይ ያጠራቅማል። ወራት ይሄዳል፤ በጉ ወፍሯል፣ ደህና ነው። አንድ ቀን መኪና ላይ ሲጫን ወይም ብርድ ሲመታው ጉበቱ ያጠራቀመውን በአንዴ ይለቅቃል። ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። የፍየል ገንዳና የበግ ገንዳ ይለያዩ፤ ቀዳዳ ያለበት አጥር አይበቃም።

በቢሾፍቱ በኩል የዶሮ ኩስ ከመኖ ጋር የሚያቀላቅሉ አሉ። ኩሱ ውስጥ ከዶሮ መኖ የተረፈ መዳብ ሊኖር ይችላል። ለፍየልም ቢሆን ከፕሪሚክስ ጋር ደርባችሁ አትስጡ። ለሰኮና ማጠቢያ የተበጠበጠ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃም ክፍት ቦታ አይደር።

መርፌውን ለሐኪም

የሴሊኒየምና የቫይታሚን ኢ መርፌ ጠቃሚ ነው፤ ግን በራስ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ግልገል ግትር ሲልባችሁ ለሐኪሙ ደውሉ፤ ስትደውሉም የምትሰጡትን ፕሪሚክስ የሌብል ፎቶ ላኩለት። እየበላች ያለችውን ሳያውቅ መርፌ ከደረበበት ሊገድላት ይችላል። ሶዲየም ሴሌናይትን በኬሚካልነቱ ገዝቶ ቤት ውስጥ መቀላቀልም አይታሰብ። ለአንዲት ፍየል የቀን መጠኑ ከግማሽ ሚሊ ግራም በታች ነው፤ ይህን የሚመዝን ሚዛን ቤታችሁ የለም።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

በሳምንት ውስጥ ጠጉር አይቀየርም። የዛገው ጠጉር እንደዛገ ይረግፋል፤ የምታዩት ከሥሩ የሚበቅለውን አዲሱን ነው። ሁለት ሦስት ወር ስጡት። ጀርባዋ ላይ ጠጉሩን በጣት ከፈል አድርጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ሥሩ ጠቁሮ ጫፉ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። የኮባልት ጉዳይ ከነበረ የምግብ ፍላጎቷ ከዚህ ቀድሞ ይመለሳል። በየወሩ በአንድ ቦታና ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ ዐይን ይለምዳል፣ ስልክ አይለምድም።

የደም ምርመራ መዳብን በተመለከተ ያታልላል። ጉበት ያጠራቀመው መዳብ እያለቀበት እንኳ የደሙን መጠን እኩል አድርጎ ይይዛል። እውነቱን የሚናገረው ጉበት ነው። ስለዚህ ለበዓል ከራሳችሁ መንጋ አንዱን ስታርዱ ጥብስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአውራ ጣት የሚያህል ጉበት ቁረጡ፣ በንጹሕ ፌስታል አስሩ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማዕድን ምርመራውን እንደሚሠሩ ጠይቁ። የሱቅ ፍየል ጉበት ግን አይጠቅማችሁም፤ የበላው የእናንተን መኖ አይደለም።

ፕሪሚክስ ጆንያ በተቀየረ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም፣ ሌብሉን እንደገና አንብባችሁ የአምስተኛውን ደረጃ ስሌት ድገሙ። ቁጥሩ ሲቀየር ሻጩ አይነግራችሁም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አላየውም።